የድርቆሽ ቤቱ አባ ተማም

አባ ተማም መሞታቸው ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል። በመጀመሪያው ጊዜ ሳላጣራ አለቀስኩ፣ ጥቁር ለብሼ ከአርባ ምንጭ ጅማ አጠገብ እስካለችው የቡ ድረስ ሄድኩ፣ በሰው ለቅሶ ላይ ተዋረድኩ። በሁለተኛው ጊዜ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ እንባዬን ዋጥ አድርጌ «ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። ምን ያህል ብጨክን ነው እንዲህ ያልኩት ለሚል ሰው፣ ነገሩን ከድርቆሽ ቤቱ መጀመር አለብኝ።

የተወለድኩት ደብረ ሲና ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ የጽሕፈት ሙያ ምስክር ወረቀቴን ይዤ ጅማ ያለ አንድ ኮሌጅ ተመደብኩ። እናቴ ስለ ጅማ የሰማችው ሁለት ነገር ነበር፤ ዝናቡንና ወባውን። ስለዚህ ጃንጥላና አንድ ጠርሙስ ጠበል አስይዛ ሸኘችኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ «ለስድስት ወር የሙከራ ጊዜ» ይላል። ያቺን ቃል በመንገድ ላይ ምናልባት ሃያ ጊዜ አንብቤአታለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የግቢው ዘበኛ ደብዳቤዬን አየና፣ «አንቺ አባ ተማም ጋ ነሽ፤ ድርቆሽ ቤት። ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ ታገኛለሽ» አለኝ።

አባ ሲለኝ ልቤ አረፈ። በማላውቀው አገር መጀመሪያ የምገናኘው ሰው ካህን መሆኑ የእመቤታችን ሥራ ነው አልኩ። ሄድኩ። እውነትም በአንድ ቆርቆሮ ቤት በራፍ ላይ፣ ነጭ የጠመጠሙ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ብርሃን ፊት ቆመው፣ የምታብለጨልጭ ትንሽ ነገር በእጃቸው ይዘዋል። ነጠላዬን አስተካክዬ ዝቅ ብዬ ጎንበስ አልኩና፣

«አባቴ ይባርኩኝ» አልኩ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ቶሎ አንድ ነገር ካላደረጉ መሬት ልትስም ነው ብለው ፈርተው ነበር። ያቺን ቀዝቃዛ ነገር ግንባሬ ላይ አስነኩና «አላህ ይባርክሽ፣ ልጄ» አሉ።

«አላህ» ሲሉ ቀና አልኩ። ግንባሬን የነካው መስቀል አልነበረም። በጥቁር ክር ከአንገታቸው የተንጠለጠለ፣ አውራ ጣት የሚያህል የማጉሊያ ሌንስ ነው።

«ጅማ አባው ብዙ ነው» አሉ፣ ሳይስቁ። «አባ ተማም ማለት የተማም አባት ማለት ነው እንጂ ቄስ ማለት አይደለም። ከላይ ሲያዩን እኔና ቄሱ አንድ ነን። ጥምጥም ነጭ፣ ጢም ነጭ። አንቺ ገልብጠሽ አላየሽም። ስምሽ ማነው?»

«ጽጌ።»

«ጽጌ አበባ ማለት አይደለም እንዴ? ማሎ፣ እባክሽ! አበባ ሆነሽ አበባ አታውቂም? ነይ ግቢ።»

«ድርቆሽ ቤት» ብለው የሰየሙት ተማሪዎቹ ናቸው። በደብዳቤ ላይ «የደረቁ ዕፅዋት ክፍል» ይባላል። በሁለት ሳንቃ መሐል ተጨምቀው የደረቁ ቅጠላ ቅጠሎች በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ በብረት ቁም ሣጥን ተደርድረው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ወረቀት በታችኛው ጥግ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታና ያገኘው ሰው የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት አለው። የእኔ ሥራ እሱን ማጽዳት፣ መለጠፍና መጻፍ ነበር። የአባ ተማም ሥራ ደግሞ በመዝገብ ላይ «ረዳት ቴክኒሻን» ይላል እንጂ፣ በእውነቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው «አንድ ነው» ሲል «አይደለም» ማለት።

ስምንተኛ ክፍል ነው የደረሱት። ሆኖም መምህራኑ ተማሪ ፊት እንዳያፍሩ አስቀድመው በጓሮ በር መጥተው ይጠይቋቸዋል። ተማሪ ሁለት ቅጠል ይዞ መጥቶ «አባ ተማም፣ እነዚህ አንድ ናቸው አይደል?» ካላቸው፣ ሌንሷን ከአንገታቸው ሳያወልቁ ያቀብሉታል፤ ክሩ አጭር ስለሆነ ተማሪው ጢማቸው ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ግድ ይለዋል። ከዚያ በላዩ ላይ፣

«ገረገልቺ፣ ኢላሊ!» ይላሉ።

በኦሮምኛ ገልብጠሽ እዪ ማለት ነው። ኦሮምኛው ለወንዱም ለሴቱም ያው ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመልሱት ግን ለሁሉም በሴት አንቀጽ ነበር የሚሉት፤ «ዓይን ሴት ናት» እያሉ። ሌላም አባባል ነበራቸው፤ «መምሰል ዘመድ ያደርጋል እንጂ አንድ አያደርግም።»

ከዕፅዋት ሁሉ የምትብስባቸው አንዲት አረም ነበረች። ተማሪዎቹ በሳይንሱ ስም ጎምፍሬና ይሏታል። ነጭ ናት፣ ራሷ እንደ ክር ኳስ ድብልብል፤ ስትነካት ደርቃ ትንኮሻኮሻለች፤ የሞተችም ያልሞተችም አንድ ዓይነት ናት። የአትክልት ቦታ ላይ የምትተከል ወይን ጠጅ ዘመድ አለቻት፣ እሷን ሁሉም ያውቃታል። አባ ተማምን ያንገበገቧቸው ግን ዱር የወጡት፣ ማንም ያልተከላቸው ናቸው። ሁለት ዓይነት ናቸው ይሉ ነበር፤ የኮሌጁ ኳስ ሜዳ በአንደኛዋ ተሞልቷል፣ ሁለተኛዋን ግን ገና አላገኟትም። ግጥሚያ እየተካሄደ ጎሉ አጠገብ በጉልበታቸው ተንበርክከው አይቻቸዋለሁ። አንድ ቀን የሠራተኞቹ ቡድን በረኛ፣

«አባ ተማም፣ ኳስ እየመጣ ነው!» ሲላቸው፣

«ይምጣ፣ እኔ አላገባበትም» አሉ። ኳሷ ጥምጥማቸውን ይዛ ሄደች። ዳኛው ምን ብሎ እንደሚነፋ አያውቅም ነበር።

የሙከራ ጊዜዬ አምስተኛ ወር ላይ፣ የቡ ካለው ቤታቸው ሲመለሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አመጡ። ፊታቸው የሠርግ ፊት ነበር።

«ሁለተኛዋን አገኘኋት» አሉ። «የቡና ማድረቂያው አልጋ ሥር። ዕድሜ ልኬን ስረግጣት ኖሬያለሁ።»

አየኋት። የኳስ ሜዳዋ ናት። ነጭ፣ ድብልብል። «አባ ተማም፣ ይህቺ እኮ ያቺው ናት» ልል አፌን ከፍቼ፣ ፊታቸውን አይቼ ዘጋሁት። ከሁለቱም ናሙና አዘጋጅቼ፣ ለይተው እንዲነግሩን አዲስ አበባ ላሉ ባለሙያዎች እንድንልክ አዘዙኝ። እንግዲህ ጥንቃቄዬ ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። የየቡዋ ናሙና ነፍሳት የበሏት ነበረች። ቅጠሏ ወንፊት ሆኗል፣ አንገቷም ተሰብሯል። እናቴ ለሰው የሚላክ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት ብላ ነው ያሳደገችኝ። ይህቺን ብጫቂ አዲስ አበባ ልኮ ማፈር? ከኳስ ሜዳዋ ክምር ውስጥ ያማረች መረጥኩና፣ «የቡ፣ ከቡና ማድረቂያ ሥር» በሚለው ጽሑፌ ላይ ለጠፍኳት። ያው አንድ ናቸው ብዬ። ጽሑፌ እንዴት አምሮ ነበር!

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፤ ክፉ ሆኖ ደግሞ የመጣው በግምገማው ሳምንት ነው። ግምገማ የማያውቅ ትውልድ ካለ፣ መላው ሠራተኛ አዳራሽ ተሰብስቦ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚያወጣበት ስብሰባ ነው። የክፍላችን ኃላፊ አቶ ግርማቸው ደብዳቤውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ «የተላኩት ሁለቱም ናሙናዎች አንድና ያው ናቸው።»

አዳራሹ ሳቀ። አንዱ ተነሥቶ፣ «አባ ተማም የመንግሥትን የሥራ ሰዓት በአረም ላይ ያጠፋሉ» አለ። ሌላው፣ «በኳስ ሜዳም ላይ» ብሎ ጨመረ፤ በረኛው ነበር።

«አባ ተማም፣ ምን ይላሉ?» አሉ አቶ ግርማቸው።

አባ ተማም ብድግ አሉ። እኔን አላዩኝም፣ ከደብዳቤው ጋር የተመለሰችውን የናሙና ወረቀት ብቻ ተቀብለው በሌንሳቸው አዩና አስቀመጧት። «እነሱ ያዩት እውነት ነው» አሉ። «የተላከላቸው አንድ ነው።» ተቀመጡ።

በዚያው ቀን «ለበለጠ ውጤታማነት» ወደ በር ጥበቃ ተዛወሩ። ድርቆሽ ቤቱም «አስፈላጊነቱ እስኪጣራ» ተቆለፈ፤ እኔም ጽሕፈት ቤት ተላክሁ። ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ነበር የቀረው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅጠል የያዙበት እጃቸው ዱላ ይዞ ሊሰናበት ነው። የእኔ ሙከራ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ደብዳቤው ሲነበብ፣ በ«አንድና ያው» ላይ፣ ልቤ ነግሮኛል። ብናገር ሥራዬን አጣለሁ። ዝም ብል እሳቸው በር ላይ ይቀራሉ።

ሌሊቱን ጸለይኩ፣ ጠዋት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። እውነተኛው አባ፣ አባ ገብረ ሥላሴ ናቸው።

«አባቴ፣ አበባ ቀየርኩ።»

«የማንን አበባ?»

«የማንም አይደለም። አረም ናት።»

«አረም ነቀልሽ?»

«አልነቀልኩም፣ እሳቸው ናቸው የነቀሉት። እኔ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው...»

«ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?»

«ጾም ነው እኮ አባቴ።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አሉ። ቁጭ አድርገው ሁሉን አስነገሩኝ። ስጨርስ ትንሽ አሰቡና፣ «ስግደት ባዝሽ የሚደክመው ያንቺ ጉልበት ነው፤ ሽማግሌው ከበሩ አይነሡም። ሂጂ፣ መጀመሪያ ለእሳቸው ንገሪ። ከዚያ በሰው ፊት የተሰበረውን በሰው ፊት ጠግኚው» አሉኝ። ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ግን እውነት ሁለት ናት? እዚህ ግቢ ያለችውስ የትኛዋ ናት?» ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጎንበስ ብለን አየን። አላወቅንም።

አባ ተማምን በሩ ላይ አገኘኋቸው። ዱላቸውን አጥር ላይ አስደግፈው፣ የሚገባውን መኪና ሳይሆን መኪናው የሚረግጠውን ሣር ያያሉ። ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ሞት አለ እንዴ?»

«እኔ ነኝ የለወጥኩት፣ አባ ተማም። የየቡዋን ናሙና...»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአዳራሹ። እኔ ያመጣኋት ቅጠሏ ተበሳስቶ ነበር። የተላከችው ቀዳዳ የላትም።» ሌንሷን በጣታቸው አሽከረከሩ። «የደረቀ ቅጠል ቀዳዳው አይድንም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ያንቺ ሙከራ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አረሟ የትም አትሄድም። እሷን ማን ያባርራታል?»

ከዚህ በኋላ ዝም ብል ሰው አልባልም። በማግስቱ የግምገማው ማጠቃለያ ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ስለ ራሱ ጉድለት ግለ ሂስ ያደርጋል። ግለ ሂሱ ሥርዓት አለው። አንዱ ይነሣና «ጉድለቴ ሥራ ማብዛት ነው» ይላል። ሌላው «ለጤንነቴ አልጠነቀቅም» ይላል። ሁሉም ራሱን እየወቀሰ ተመስግኖ ይቀመጣል። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና፣

«እኔ ናሙና ቀይሬ፣ ሐሰት ጽፌ፣ የንጹሕ ሰው ስም አጥፍቻለሁ» አልኩ።

በዚያ አዳራሽ እውነተኛ ጥፋት ሲነገር የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰው እስክሪብቶውን አንሥቶ ምን እንደሚጽፍ ጠፋው። አቶ ግርማቸው ሁለት ጊዜ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«እህት ጽጌ፣ ይሄ... ይሄ ለግለ ሂስ ትንሽ ከበድ አይልም?»

«ሌላ የለኝም ጌታዬ። ሌላው ለንስሐ አባቴ ነው።»

በረኛው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ከኋላ፣ ለጥበቃ ሠራተኞች በተለየው ወንበር ላይ፣ አባ ተማም ብቻ አልሳቁም፤ ሌንሳቸውን ይዘው በሩቁ እኔን ነበር የሚያዩኝ። አቶ ግርማቸው ክፉ ሰው አልነበሩም። «እንግዲህ እንደገና ይላክ። ከተሳሳታችሁ ሁለታችሁም በር ላይ ትቆማላችሁ» አሉ።

በሳምንቱ መጨረሻ የቡ ሄድን። ቡና ማድረቂያው ጋ ስንደርስ አባ ተማም ቆሙና፣

«እኔ አልነቅልም። አንቺ ፈልጊ» አሉኝ።

በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሥራቸውን ተዉ።

«አባ ተማም፣ ልጅቷ መድኃኒት ፈልጋ ነው?»

«ኤዬ» አሉ፣ አዎ ማለታቸው ነው።

«ለምን ይሆናል?»

«ለዓይን» አሉ።

ሴቶቹ አዘኑልኝ። አንዷ «ሚስኪን፣ በዚህ ዕድሜዋ» አለች። እኔ ደግሞ ሁለት እፍኝ ነጭ አበባ ይዤ፣ አንዷን ከኳስ ሜዳ ይዘን ከመጣናት ጋር አስጠግቼ፣ ጢማቸው ሥር ጎንበስ ብዬ በሌንሷ አየሁ። ምንም የለም። ነጭና ነጭ።

«አንድ ናቸው» አልኩ ተስፋ ቆርጬ።

«ገረገልቺ፣ ኢላሊ!»

ገለበጥኳት። ድብልብሉን በጥፍሬ ፈልቅቄ፣ እያንዳንዷን ጥቃቅን አበባ የምትሸፍነውን ቅርፊት በጀርባዋ አየሁ። የኳስ ሜዳዋ ጀርባ ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ብቅ ያለ ነገር አለው። የየቡዋ ግን ከጫፉ ጀምሮ ወደ ታች፣ ልክ እንደ አውራ ዶሮ ጉትያ፣ ጥርስ ጥርስ ያለ ክንፍ ይዛለች። እንዲህ ያለ ነገር ለማን ተብሎ ይሠራል? ማንም በማያየው፣ ሰው በሚረግጠው አረም ጀርባ ላይ! ሳላስበው አማተብኩ።

«አየሻት?» አሉ።

«አየኋት።»

«ማሻ አላህ» አሉ። «አሁን ከነቀዳዳዋ ለጥፊያት።»

ከነቀዳዳዋ ለጠፍኳት። መልሱ ሲመጣ «ሁለቱ ናሙናዎች የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛዋን ለስብስባችን ብዙ ብትልኩልን» ይል ነበር። አባ ተማም ወደ ድርቆሽ ቤት ተመለሱ፤ ጡረታም የወጡት ከዚያው ነው። እኔም ሙከራዬን አለፍኩ፤ አቶ ግርማቸው በቅጹ ላይ «በግለ ሂስ የላቀች» ብለው ጻፉልኝ።

ከዓመታት በኋላ ባሌ ሲዛወር ተከትዬው አርባ ምንጭ ገባሁ። አንድ ቀን ከጅማ የድሮ ባልደረባዬ ወርቅነሽ ደወለችና፣ «አባ ተማም አረፉ፣ የየቡው» አለችኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ነው ያለቀስኩት። ሁለት ቀን በመኪና ተጉዤ የቡ ደረስኩ፣ ሴቶቹ በተቀመጡበት ገብቼ እንደ አገሬ ወግ ደረቴን መታሁ። «አበባ ያስተማሩኝ፣ ዓይኔን ያበሩልኝ!» አልኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት እናት ቀስ ብላ፣

«ልጄ፣ አበባ ያልሽው የቱን ነው? እሱ እኮ የበቅሎ ነጋዴ ነበር» አለችኝ።

ይኼኔ ከወንዶቹ በኩል የማውቀው ሳል ሰማሁ። ዞርኩ። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጢም። አባ ተማም ለሞክሼያቸው ለቅሶ መጥተው፣ ሻይ ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«ጽጌ» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ሳትገለብጪ አለቀስሽ?»

በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው፤ እኔና እሳቸው ግን ደጅ ወጥተን፣ አጥር ይዘን ሳቅን። ሲሸኙኝ ሌንሷን ከደረታቸው አውጥተው አሳዩኝ። «የቡ ውስጥ አባ ተማም ብዙ ነው። ይቺ ያለችው ግን አንዱ ጋ ነው። ሌላ ጊዜ ሲደውሉልሽ መጀመሪያ ስለ እሷ ጠይቂ፤ ከዚያ ታለቅሻለሽ።»

ባለፈው ክረምት ልጃቸው ዘሃራ ደወለች። «አባባ ሄደ» አለች። እንባዬን ዋጥ አደረግኩ።

«ዘሃራዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌንሷ የት ናት?»

ያስቀየምኳት መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳቅና ልቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ፣

«ከአንገቱ የፈታኋት እኔ ነኝ» አለችኝ። «‘ጽጌ ዘንድ ስትደውይ ቶሎ ካለቀሰች አልተማረችም፣ አትስጫት። መጀመሪያ ስለ ሌንሷ ከጠየቀች ግን የእሷ ናት’ ብሎኛል።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።